የአጭር ልብ ወለድ አላባውያን፦ ከይፋግ ገበያ እስከ «መስከረም»

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይፋግ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያ ደግሞ ጨውና ሸማ ብቻ ሳይሆን ጨዋታም የሚለዋወጡበት ስፍራ ነው። የጎረቤቷ የፎገራ ተወላጅ በሆኑት በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገሩት ጨዋታዎች ጥቂት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ መቼት፣ አንድ ግጭትና በቅኔ አዘል ቃል የሚፈታ ጡዘት አላቸው። እንግዲህ የአጭር ልብ ወለድ መሠረታውያን አላባውያን፣ ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም» የተባለውን መድበል ከማሳተማቸው በፊትም በቃል ይኖሩ ነበር። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ጨዋታው በረቺው መልስ ያበቃል፤ አጭር ልብ ወለድ ግን የተረታውንም ሰው ልብ ይመረምራል። ስለዚህ አላባውያኑ መሟላታቸው ብቻ አንድን ድርሰት አጭር ልብ ወለድ አያሰኘውም።