ኮሎራዶ

በአሜሪካ ምዕራብ የሚገኝ ተራራማ ግዛት፤ ኅብረቱን የተቀላቀለው በ1876 እ.ኤ.አ. 38ኛ ሆኖ ነው። መካከሉንና ምዕራቡን የሮኪ ተራሮች ይዘውታል፤ ምሥራቁ ግን ሜዳ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ኤልበርት 4,401 ሜትር ሲሆን ራስ ደጀን ይበልጠዋል። ዋና ከተማው ዴንቨር የሚኮራበት ከፍታ 1,609 ሜትር ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቆላ ቢመስለው አይፈረድበትም፣ የክረምቱ በረዶ እስኪያገኘው ድረስ።

የዓባይን ክርክር ለሚከታተል አንባቢ የኮሎራዶ ወንዝ ያስገርመዋል፦ ከእነዚህ ተራሮች መንጭቶ ወደ ሜክሲኮ ይወርዳል፤ ሰባት ግዛቶች በውኃው አጠቃቀም ላይ በ1922 እ.ኤ.አ. ውል ተፈራርመዋል።

በዴንቨርና በጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከዴንቨር እህት ከተሞች አንዷ አክሱም፣ ከኦሮራ ደግሞ አዳማ ናት።