የሐኪሞች ፈተና በኮፐንሃገን

ብዙ ሰዎች የሐኪም ሥራ መድኃኒት ማዘዝና ቍስል ማሰር ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚያድነው መሣሪያ አንድ፥ የሚሞተው ሕመምተኛ ብዙ በሆነ ጊዜ «ለማን ልስጥ?» ብሎ መወሰንም የሐኪም ዕዳ ነው። ይህ ፈተና በዴንማርክ አገር እንዴት እንደ ደረሰ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ከተማ ከባድ የልምሻ (ፖሊዮ) ወረርሽኝ ተነሣ። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል የነበሩት መተንፈሻዎች አንድ የብረት ሳንባና በደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። ትንፋሻቸው ከታወከባቸው ከመጀመሪያዎቹ 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ።

የክፍሉ አለቃ ፕሮፌሰር ላሰን ምክር ለመጠየቅ አላፈሩም፤ የማደንዘዣ ሐኪም የሆኑትን ቢዮርን ኢብሰንን አስጠሩ። ኢብሰንም ሕመምተኞቹን የሚገድላቸው የተቃጠለው አየር ከደማቸው አለመውጣቱ እንደ ሆነ አስረዱ። ኦገስት 27 ቀን ልትሞት የተቃረበች የ12 ዓመት ልጃገረድ ጉሮሮ ከበታቹ ተቀድዶ ቱቦ ገባላት። ልጅቷ ግን እየታገለች ባሰባት፤ ከሚመለከቱት ሐኪሞች አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ወጡ። ኢብሰን ትግሏን የሚያቆም ማደንዘዣ ሰጧት። የቀራትን ጥቂት ትንፋሽ ሊያጠፋ የሚችል መድኃኒት ነበረ። ወዲያው የጎማ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ አየር አስገቡላት፤ ከሞትም ተረፈች።

ታዲያ ከረጢቱን ሌሊትና ቀን የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው በየአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ የሚረዱት ልጅ በእጃቸው ላይ ሞተባቸው። ቢሆንም ከመቶ 80 በላይ የነበረው ሞት ውሎ አድሮ ከግማሽ በታች ወረደ።

በ1953 ዓ.ም. ኢብሰን ለጽኑ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቋሙ። ከዚያም ወዲህ «ተስፋ የሌለውን ሕመምተኛ እስከ መቼ እናስተንፍስ?» የሚል አዲስ ጥያቄ መጣ። በ1957 ዓ.ም. ጥያቄው ለሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ቀርቦ፥ ከተለመደው ያለፈ ሕክምና ሁልጊዜ ግዴታ እንዳልሆነ መለሱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ የኮፐንሃገን ሐኪሞች ከሚሞቱት መካከል በመምረጥ ብቻ አልተወሰኑም፤ ምርጫውን ራሱን ለማስቀረት ደከሙ። ይህም የተቻለው አለቃው «አላውቅም» ለማለት ስለ ደፈሩ፥ ገና ዲፕሎማ ያልያዙ ወጣቶችም እጃቸውን ስላልነፈጉ ነው።