ሰንበተ ክርስቲያንና የሱቅ በር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዕለተ እሑድ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሙታን የተነሣባት ሰንበተ ክርስቲያን ናት። በዚህች ዕለት ሱቅ ሊከፈት ይገባልን? የሚከፈትስ ከሆነ በስንት ሰዓት?

ነህምያ በሰንበት የሚነግዱትን ገሥጾ የኢየሩሳሌምን በሮች አዘግቷል (ነህ. 13፥15-22)። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ባወጣው ዐዋጅ የከተማ ሰዎች በእሑድ እንዲያርፉ አዝዞ፣ ገበሬው ግን የእርሻው ወቅት እንዳያልፍበት እንዲሠራ ፈቅዷል። በሀገራችንም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቀዳሚት ሰንበትንና የእሑድን ክብር አጽንቷል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 19 ስለ ሰንበታትና በዓላት ይደነግጋል።

የሰንበት ሕግ ከጥንት ጀምሮ ለአገልጋይ የቆመ ነው። ኦሪት ሎሌውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ታዝዛለች (ዘዳ. 5፥14)። ስለዚህ ባለ ሱቁ ቆሞ ሲያስቀድስ ተቀጣሪው ልጅ ሱቅ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሰንበት ተከብሯል ማለት አንችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ይህም በተቻለ መጠን እሑድ እንዲውል ይላል። ያለ ውል በዘመድ ሱቅ የሚያገለግለውን ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው የአሳዳሪው ሕሊና ነው።

በሌላ በኩል፣ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የጎዳትን የዋግ ኽምራዋን ሰሃላ እናስብ። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ያስቀደሰ ምእመን ጨውና ሳሙና ሳይገዛ ቢመለስ፣ ለዚያው ጉዳይ ሌላ ቀን ዳግመኛ መንገድ መምታት ይኖርበታል። ቀኑን ሙሉ ይዘጋ ማለት ሸክሙን በድኻው ላይ ያጸናል። ጌታችንም በሰንበት ጕድጓድ የገባውን በሬ ማውጣት እንደሚገባ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥5)።

እንግዲህ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ሱቆች ሁሉ በአንድነት ቢዘጉ መልካም ነው እንላለን። ሁሉም በአንድነት ሲዘጋ፣ ሰንበትን ያከበረው ነጋዴ ደንበኛውን ለጎረቤቱ አያጣም፤ አገልጋዩም ከቤተ እግዚአብሔር አይቀርም። መድኃኒት ቤትና የመንገደኛ ማረፊያ ግን ክፍት ይሁኑ። ይህንም ከቅጣት አስቀድሞ ሰበካ ጉባኤውና ነጋዴዎቹ ተመካክረው ቢወስኑት ይጸናል።

ሰንበትን አክብረን በረከቷን እንድናገኝ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።