ብሩሽ ማሟሸት፦ የጢም፣ የምላጭና የደቂቃዎች ታሪክ

አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ ቤት ሲገባ በዚያው ዕለት እንጀራ አይጋገርበትም። መጀመሪያ ይሟሻል፦ ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ይታሻል። ያልተሟሸ ምጣድ ሊጡን ይይዛል፤ እንጀራው አይነሳም። እዚህ ሀገር የተወለድን ብዙዎቻችን ቃሉን ከእናቶቻችን አፍ ሰምተነው ይሆናል እንጂ ሥራውን በዓይናችን አላየነውም። ቃሉን ያነሳሁት ግን ስለ ምጣድ ለመጻፍ አይደለም። ስለ ጢም መላጫ ብሩሽ ልጽፍ ነው፤ ከጊሪት ጸጉር ስለሚሠራው። ብሩሹም እንደ ምጣዱ በመጀመሪያው ቀን አይታዘዝም፤ ለዚህ ደግሞ ከማሟሸት የተሻለ ቃል በዕብራይስጥም አላገኘሁም።

ጊሪትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ፊቱ ላይ ነጭና ጥቁር ሰንበር ያለው፣ እግሩ አጭር፣ ጉድጓድ ቆፋሪ የሌሊት እንስሳ ነው። ከቲራት ካርሜል በላይ ባለው በቀርሜሎስ ተራራም ይኖራል፤ ከ1955ቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ወዲህ እንደ ልብ የሚታደን አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቀፎ እየሰበረ ማር የሚበላው ዘመዱ ኢትዮጵያም አለ፣ እዚህም አለ። ለብሩሽ የሚሆነው ጸጉር ግን ዛሬ በአብዛኛው ከቻይና ነው የሚመጣው።

አሟሟሹ እንዲህ ነው። አዲሱ ብሩሽ ይሸታል፣ ሲርስ ደግሞ ይብስበታል፤ የእንስሳ ሽታ ነው፣ አትደንግጡ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ወፍራም አረፋ ይመታበትና አረፋው እንዳለ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ጠዋት ይታጠባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጸጉር ይረግፍለታል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከተላጫችሁበት በኋላ ሽታው ይጠፋል፣ መርገፉ ይቆማል፣ ጫፎቹ ይለሰልሳሉ፣ ውሃና አረፋ ይዞ መቆየት ይለምዳል። የፈላ ውሃ አይወድም፤ ጸጉሩን ያደርቀዋል፣ ከሥሩ የያዘውን ሙጫም ያላቅቃል። ፊት ላይ ሲዞር ጫፉ ነው መሥራት ያለበት፤ እስከ ሥሩ እየተጫኑ የሚፈትጉት ሰዎች መሃሉን ይሰብሩታል። ሲያበቃ ይታጠባል፣ ይራገፋል፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል። እርጥቡን ሳጥን ውስጥ የከተተ ሻጋታ ያገኛል። ርካሹ ብሩሽ ከአሳማ ጸጉር የሚሠራው ነው፤ እሱ እንዲያውም ከጊሪቱ ይበልጥ ማሟሸት ይፈልጋል። እኔ ግን እሱን ይዤ አያቴ ቤት ለመግባት አልደፍርም።

ብሩሹ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ውሃን ወደ ጸጉሩ ያደርሳል፣ የተኛውን ጸጉር ያነሳል፣ ምላጩ የሚንሸራተትበትን አረፋ ያነጥፋል። ጢም ሲርስ ይለሰልሳል፤ ለመራስ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋል። ወደ ታሪኩ ስንገባ ዓይናችሁን እነዚህ ደቂቃዎች ላይ አድርጉ፤ ማን እንደሚሰጣቸውና ማን እንደሚወስዳቸው።

በፈረንሳይኛ ጊሪትና የጢም ብሩሽ አንድ ስም ነው ያላቸው፣ ብሌሮ። ዣን ዣክ ፔሬ የሚባል የፓሪስ ቢላ ሠሪ በ1769 ሰው ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ የከተማ ሰው ፊቱን ለባለሙያ አሳልፎ ነበር የሚሰጠው። ራስን በራስ መላጨት በሰፊው የተለመደው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የጂሌት ኩባንያ የሚጣል ስስ ምላጭ ይዞ ገበያ በወጣበት በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ግን መንግሥቷ ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን የጂሌት መላጫ አዘዘ። ከምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ጋዝ ነው። የጋዝ ጭንብል ጢም ባለበት ፊት ላይ አይገጥምም ስለተባለ መላጨት ከንጽሕና ጉዳይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን አሳምረው የሚያውቁት በሽታ ወደ ታሪኩ ይገባል፤ አባ ሰንጋ። በዕብራይስጥ ጋሔሌት ይባላል፣ ፍም ማለት ነው፤ ቁስሉ መሃሉ እንደ ከሰል ስለሚጠቁር። የበሽታው ዘር በከብት ጸጉርና ቆዳ ላይ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። ጦርነቱ የጊሪት ጸጉር የሚመጣበትን የንግድ መንገድ ሲዘጋ፣ ብሩሽ ሠሪዎች የፈረስ ጸጉር የጊሪት እንዲመስል እያቀለሙ መሸጥ ጀመሩ። ጸጉሩ ከእስያ ይመጣል፣ በጥድፊያ ይሠራል፣ በሚገባ አይቀቀልም። ወታደሩ ይላጫል፣ ምላጩ ትንሽ ይቆርጠዋል፣ ከብሩሹ የመጣው ዘር በዚያች ቁስል ይገባል። ከ1915 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት በአሜሪካና በብሪታንያ ከ200 በላይ ሰዎች፣ ወታደሮችም ሲቪሎችም፣ በዚህ መንገድ አባ ሰንጋ ያዛቸው፤ የሞቱም አሉ። በ1920 ብሪታንያ ከጃፓን የሚመጣ የጢም ብሩሽ እንዳይገባ ከለከለች። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ብሩሽ የታጠበና የተጣራ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የዚያን ዘመን ብሩሽ ገዝቶ ፊቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ግን ቢያስብበት ይሻለዋል።

ጢምና የጋዝ ጭንብል በእኛም ታሪክ ይገናኛሉ። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንብ፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ተዋጊ ለመላጨት የሚያበቃ ጭንብል አልነበረውም። በወረራው ዓመታት ጫካ የገቡት አርበኞች ጭራሽ ጸጉራቸውን አሳደጉ፤ በፎቶግራፍ የምናያቸው ከነጎፈሬያቸው ነው። ያኔ መቀስና ምላጭ ከተማ ውስጥ፣ በጠላት በኩል ነው ያለው፤ ያልተነካ ጸጉር ደግሞ አልገዛም ማለት ነበር። በጥር 1991 ደግሞ ሐይፋ ላይ የኢራቅ ሚሳይል ሲወድቅ፣ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡ ቤተሰቦቻችን እንደ ጎረቤቶቻቸው በታሸገ ክፍል ጭንብል አጥልቀው ተቀመጡ። ጢማቸውን ለማይላጩ ሰዎች ራስን ሙሉ የሚሸፍን ልዩ ጭንብል ይሰጥ ነበር። ማለትም መንግሥት ሲፈልግ ጢሙን ትቶ መሣሪያውን መቀየር ይችላል ማለት ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ ግንቦት 24 እና 25፣ ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው አመጣ።

እነዚያ ሰዎች በመጡበት ገጠር ብሩሽ የለም፤ ምላጭ ግን አለ። ጸጉር በውሃ ይርሳል፣ በእጅ ደህና አድርጎ ይታሻል፣ ይላጫል፤ ለልጅ ቁንጮ ይተውለታል። ምላጩ የፋብሪካ ሳይሆን በፊት የቀጥቃጭ እጅ ሥራ ነበር፤ ቀጥቃጩ ደግሞ በጎንደር አካባቢ ብዙ ጊዜ ቤተ እስራኤል ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን የሚሠራላቸውን ሰው ቀን ይፈልጉታል፣ ሲመሽ ቡዳ ይሉታል። ይህን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ፤ ጎረቤቱ አንገቱን ለምላጩ ይሰጣል፣ ምላጩን የሠራውን ሰው ዓይን ግን ይፈራል። ለመመረቂያ ጥናቴ ቲራት ካርሜል ውስጥ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት ስለት እንዴት እንደሚሞክሩ ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "በዚህ ጸጉር ነው፤ ካልበላ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል" አሉ። ብሩሹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና "እጅ እያለ?" አሉኝ።

በእናቶቻችን በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የወለደች ሴት፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤት ተለይታ ትቆይና፣ ስትመለስ ልብሷን አጥባ፣ ውሃ ገብታ፣ ጸጉሯን ተላጭታ ነበር ወደ ቤቷ የምትገባው። ምላጭ ከንጽሕና ሥርዓት ጋር እንዲህ የተሳሰረ ነገር ነው። ብሩሹም ቢሆን ለቄሶቹ ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በመዳፋቸው የሚሄዱትን እንስሳት በድን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ይሆናል ይላል፤ ጊሪት በመዳፉ የሚሄድ ነው። የረቢዎቹ ሕግ ጸጉርን ከበድን ይለየዋል፤ ስለዚህ በብሩሹ ላይ ችግር አያይም።

ችግር የሚያየው በምላጩ ላይ ነው። ዘሌዋውያን 19 የጢምን ዳር ማጥፋት ይከለክላል፤ ተልሙድ ደግሞ በማኮት መጽሐፍ ክልከላው በታዓር፣ ማለትም በምላጭ፣ ስለመላጨት እንደሆነ ያብራራል። በመቀስ መቁረጥ ይፈቀዳል። ሃይማኖተኛው እስራኤላዊ እንደ መቀስ ይቆርጣል በተባለው የኤሌክትሪክ ማሽን የሚላጨው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ አባቶች ኦሪት እንጂ ተልሙድ አልነበራቸውም። ልጆቻቸው በ1980ዎቹ በብዛት ወደ መንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ሲላኩ፣ አባቱ በምላጭ የሚላጭ ልጅ ክፍል ውስጥ ምላጭ ክልክል ነው ብሎ ተማረ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ቤት ሲመለስ መታጠቢያው ዳር የተቀመጠውን የአባቱን ምላጭ በምን ዓይን ያየዋል? በማዕረግና በቋንቋ ስለጠፋው የአባትነት ሥልጣን ብዙ ተጽፏል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጠፋውን ግን ማንም አልጻፈም መሰለኝ።

ይህን ሁሉ የሰበሰብኩበት ዋናው ምክንያት የቆዳ ጉዳይ ነው። የተጠቀለለ ጢም ከቆዳ በታች ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳው እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ጠባሳ ይተዋል። በአሜሪካ ጥናቶች ይህ ችግር ከጥቁር ወንዶች ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚነካ ይገመታል። ሐኪሞች የሚሰጡት ቀዳሚ ምክር ጢሙን አንድ ሚሊሜትር ያህል ትቶ መከርከም ነው። ሳቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ቆዳው አትውረድ የሚለው የረቢዎቹ ሕግና የቆዳ ሐኪሙ ትእዛዝ በመንገዳቸው ባይስማሙም አንድ ቦታ ደርሰዋል።

ሠራዊት ግን የተላጨ ፊት ይወዳል። በጻሃል ጢም ለማሳደግ ፕቶር ዛካን ያስፈልጋል፤ በሃይማኖት ወይም በሐኪም ወረቀት ይሰጣል። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት በኅዳር 1970 ባወጣው ትእዛዝ ለመርከበኞቹ ጢም ፈቀደ፤ በኋላ ባሕር ኃይሉ ፈቃዱን መልሶ ወሰደው። በ1993 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ላንግስተን ብራድሊ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ጢም ያዝክ ተብሎ በተባረረበት ጉዳይ፣ የዶሚኖስ ፒዛ ጢም ክልክል ነው የሚለው ደንብ በጥቁሮች ላይ አድልዎ እንደሚፈጥር ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ያየው ደንቡ ማንን እንደሚጎዳ ነው፤ ያወጣው ሰው ዘረኛ ይሁን አይሁን አይደለም። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙት፤ እዚህ ሀገር ስለ እኛ በሚደረግ ክርክር "ማንም ክፉ አላሰበም" የሚለው መልስ ሲመጣ ይጠቅማችኋል።

በአገልግሎት ላይ ያለ የሠፈሬ ልጅ ጠዋት ለመላጨት ስንት ጊዜ እንዳለው ጠየቅሁት፤ ሲደመር አምስት ደቂቃ ነው አለኝ፣ ጫማ ማሰር ጭምር። ብሩሹ ለመራስ ብቻ ያንን ይወስዳል። የጣሳ አረፋ ከ1950 ገደማ ጀምሮ ብሩሽን ከመታጠቢያ ቤት ያስወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደቂቃዎቹን ቆጠበ፣ ጸጉሩን ግን አላራሰም።

ስለዚህ ፕቶሩ ለሌላችሁና ቆዳችሁ ለሚያብጥ፣ ከዚህ ሁሉ ንባብ የወጣው ነገር ይህ ነው። ማሽን የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ማሽኑ ይሻላል፣ ጥቂት ትቶ። ምላጭ ከሆነ ደግሞ ማታ፣ ከሻወር በኋላ፣ ማንም ሳይጠራችሁ ተላጩ። ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ንከሩት፣ አረፋውን ፊታችሁ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አዙሩት። አንድ ስለት ያለው ምላጭ ይሁን፤ በጸጉሩ አቅጣጫ ይሂድ፣ ቆዳውን አትወጥሩት፣ ለማለስለስ ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ አይመለስ። ካበጠ አቁሙና ወረቀቱን ከሐኪም ጠይቁ፤ ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።