ጉማሬው፣ አለንጋውና ቀዛፊው

እኛ የሮብ ገበያ ልጆች «ጉማሬ» የሚለውን ቃል ያወቅነው ከእንስሳው በፊት በአለንጋው ነው። ሽማግሌዎች «እገሌ በጉማሬ ተገረፈ» ሲሉ እንሰማ ነበር። ከጮቄ ግርጌ ለሚያድግ ልጅ ሐይቅ የት አለና! የሚያየው ውሃ ሁሉ ቁልቁል ወደ ዓባይ የሚሮጥ ነው። ለዕረፍት ባሕር ዳር ስንሄድ ግን የቆዳውን ባለቤት ራሱን አገኘነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቅ አድርጎ።

የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች በደሴቶቻቸው ላይ ለመርከበኛ የመብራት ማማ ያቆማሉ። ጣናም 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ከጥንት ጀምሮ ሰውን ያሻገረው ግን የማማ መብራት ሳይሆን የቀዛፊው ዓይንና ክንድ ነው።

ስለ ደሴቶቹ የተጻፈው ብዙ ነው። የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲል አፅም በደጋ እስጢፋኖስ እንዳለ ይነገራል፤ ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ አሠሩ፤ በግራኝ ጦርነት ዘመን ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ሸሸ። እሺ፣ ይህ ሁሉ በምን ተሻገረ? በደንገል ታንኳ! ታዲያ ታንኳ ሠሪውን ማን ጻፈው?

በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀው መካከል ነገደ ወይጦ አሉ። እነሱ ጉማሬ አዳኞችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል፤ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሥጋውን ስለበሉ ጎረቤት ተጸየፋቸው፤ አብሯቸው አልበላም፣ አልተጋባም። ከቆዳው የተሠራውን አለንጋ ግን ባላባቱ ሳይጸየፍ ጨበጠ! አዳኙ ርኩስ፣ አለንጋው የክብር ዕቃ፤ ይህ እኮ ነው ያልተጻፈው ታሪካችን።

አደኑ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ኑሯቸው ዓሣና ደንገል ሆኗል። ደንገሉም በእርሻ እየተገፋ ሳሳ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወረረው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣና ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ጉማሬውንና ወፉን ስንጠብቅ በዳር የሚኖረውን ሰው ከዘነጋን ጥበቃው ጎዶሎ ነው።

የነገሥታቱ አፅም ጠባቂ አላጣም። የቀዛፊው ትዝታ ግን በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው ያለው፤ እነሱ ሳያልፉ ሄደን እንጠይቅ፣ እንጻፍ እንላለን።