የሎላርዶች ግንብ ምስጢር፦ የሪቻርድ ሀን አሟሟትና ምርመራው

በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በእኛ አገር አፄ ልብነ ድንግል በዙፋን ላይ ሳሉ፣ የለንደን ከተማ በአንድ ሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ምክንያት ታወከች። ነገሩ ሲጀመር ተራ ሙግት ነበር፤ ሲያልቅ ግን የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ ጳጳስና ከተማ ተፋጥጠውበት፣ ፓርላማና ንጉሥ ገብተውበት ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቻርድ ሀን በለንደን ስመ ጥር የልብስ ነጋዴ ነበር። በማርች 1511 የአምስት ሳምንት ሕፃን ልጁ ስቴፈን ሞተበት። በዚያ ዘመን ልማድ ከሟች ንብረት አንዱ ለቀባሪው ካህን ይሰጥ ስለነበር፣ የዋይትቻፕል ደብር ቄስ ቶማስ ድራይፊልድ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ጠየቁ። ሀን እምቢ አለ። ሕፃን የራሱ ሀብት የለውም፤ ያልነበረውንም ሊያወርስ አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ።

ቄሱ በ1512 በላምቤት በሚያስችለው የሊቀ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ረቱትም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27 ቀን ሀን ለሠርክ ጸሎት ወደ ደብሩ ቢሄድ፣ ካህኑ የተወገዘ ሰው መሆኑን በጉባኤው ፊት ተናግረው፣ እርሱ ካልወጣ ጸሎቱን አልቀጥልም አሉ። ውግዘት በነጋዴ ላይ ሲወድቅ የነፍስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከተወገዘ ሰው ጋር የሚገበያይ፣ ለእርሱም የሚያበድር አይገኝም። ሀን ግን አንገቱን አልደፋም። በ1513 መጀመሪያ በንጉሡ ፍርድ ቤት ሁለት ክስ መሠረተ፤ አንደኛው የስም ማጥፋት ነበር። ሁለተኛው የበለጠ አስደንጋጭ ነበር፤ የቤተ ክህነቱ ችሎት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሮም፣ ማለትም ከባዕድ ስለሆነ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ ተገዢ ወደዚያ መጎተት ወንጀል ነው የሚል ክስ ነበር። የጨርቁ ጉዳይ የሉዓላዊነት ጉዳይ ሆነ።

ቤተ ክህነትም መልሷን በሌላ በኩል ሰጠች። በ1514 መጸው የሀን ቤት ተፈተሸ፤ የዊክሊፍ ተከታዮች፣ ሎላርዶች የሚባሉት፣ ይገለገሉበት የነበረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተገኘበት ተባለ። ያለ ጳጳስ ፈቃድ ያን መጽሐፍ መያዝ የመናፍቅነት ምልክት ነበር። ሀን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ በሚገኘው የሎላርዶች ግንብ ታሰረ። ዲሴምበር 2 ቀን የለንደኑ ጳጳስ ሪቻርድ ፊትስጄምስ ፊት ቀርቦ ተመረመረ። ዲሴምበር 4 ቀን ጠዋት በእስር ክፍሉ ውስጥ በገዛ የሐር መቀነቱ ተሰቅሎ ተገኘ። ጠባቂዎቹ ራሱን ገደለ አሉ።

በእንግሊዝ ሕግ በእስር ላይ የሞተ ሰው አሟሟት በመርማሪ ሹምና ከከተማው ነዋሪዎች በተመረጡ ሰዎች መጣራት ነበረበት። እነዚያ ሰዎች ወደ ግንቡ ወጥተው ያዩትን መዘገቡ። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል፤ ጸጉሩ ተበጥሯል፤ ቆቡ በወጉ ራሱ ላይ ተቀምጧል። ከአፉ የወረደ ለሃጭ የለም። ቆሞበታል የተባለው በርጩማ በአልጋው ላይ ቆሟል፤ ይሁን እንጂ አቀማመጡ ማንም በነካው ጊዜ የሚወድቅ ነበር። ሻማው ከሬሳው ርቆ ጠፍቷል፤ በጨለማ ራሱን ሰቀለ ካልተባለ በቀር ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። አንገቱ ተሰብሯል፤ ቆዳውም ሐር ሊያደርሰው በማይችለው ሁኔታ ተልጧል። በእጆቹ አንጓ ላይ የእስራት ምልክት አለ። ከሁሉም በላይ፣ የተሰቀለበት ስፍራ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ብዙ ደም በክፍሉ ጥግ ተገኘ። ሰዎቹም ሀን ተገድሎ ኋላ ተሰቀለ ብለው ደመደሙ።

ምርመራው ሳያልቅ ጳጳሱ ሬሳውን በመናፍቅነት ከሰሱት። ዲሴምበር 16 ቀን ተፈረደበት፤ ዲሴምበር 20 ቀን ደግሞ በስሚዝፊልድ ተቃጠለ። ፍርዱ የሟቹን ሀብት ለመንግሥት ያስወርስ ስለነበር፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ቅርሳቸውንም አጡ። የአንድ ሰው ሬሳ በአንድ ጊዜ በአንዱ ሸንጎ የግድያ ማስረጃ፣ በሌላው ተከሳሽ ሆነ።

በፌብሩዋሪ 1515 መርማሪዎቹ የጳጳሱን ዋና ሹም ዶክተር ዊልያም ሆርሲን፣ የችሎቱን ጠሪ ቻርልስ ጆሴፍንና ደወል ደዋዩን ጆን ስፖልዲንግን በግድያ ወነጀሉ። ጆሴፍ ተይዞ ሦስታችን ገደልነው ብሎ እንደ ተናዘዘ ተመዘገበ። ጳጳሱ ግን ለካርዲናል ዎልሲ ጽፈው፣ የለንደን ሰው ወደ ኑፋቄ ያዘነበለ ስለሆነ የእኔ ሹም እንደ አቤል ንጹሕ ቢሆን እንኳ ይፈርዱበታል ሲሉ ተማጸኑ። ሆርሲ ጥፋተኛ አይደለሁም አለ፤ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ትእዛዝም ዐቃቤ ሕጉ ቃሉን ተቀበለ። ክርክር ሳይሰማ ነገሩ ተዘጋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሀን ጉዳይ ግን እያደር ባለ ሁለት መልክ ሆነ። ቶማስ ሞር በ1529 ሀን መናፍቅ እንደ ነበረና ራሱን እንደ ገደለ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ጆን ፎክስ ሀንን ከፕሮቴስታንት ሰማዕታት ጋር ቆጠረው። የመርማሪዎቹ ዘገባ ራሱ የታተመው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እንግሊዝ ከሮም ከተለየች በኋላ፣ በሟቹ ወገኖች እጅ ነው፤ ስለዚህ አንባቢ በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎችም በማስፈራራት ወይም በማሠቃየት ላይ ሳሉ ሳያስቡት ገድለውት፣ ኋላ ለመሸፈን ሰቅለውት ይሆናል ይላሉ።

ይሁንና ከሁለቱም ወገን ስሜት ውጪ ጸንቶ የሚቆም ነገር አለ። ጳጳሱ እስረኛውን ያሰሩት፣ የመረመሩት፣ ከሞተም በኋላ የፈረዱበት እርሳቸው ናቸው። ሰው በአሳሪው እጅ ሲሞት፣ ራሱን ገደለ የሚለውን ቃል የማስረዳት ግዴታ የአሳሪው ነው፤ የሟቹ ሃይማኖት ምንም ይሁን ምን። በለንደን ይህን ጥያቄ ያነሡት ሊቃውንት ሳይሆኑ፣ በርጩማውን ነክተው፣ ሻማውን አይተው፣ የደሙን ስፍራ የተመለከቱ ተራ የከተማ ሰዎች ነበሩ።

በ1529፣ ሞር ሀንን በከሰሰበት በዚያው ዓመት፣ ፓርላማው የቀብር ክፍያን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሞተ ሕፃን ይህ ክፍያ እንዳይጠየቅ ተደነገገ። ስቴፈን ከሞተ 18 ዓመት፣ አባቱ ከሞተ 15 ዓመት ሆኖ ነበር።