«ለምን ወደቀ?»

በኬሚስትሪ ላብራቶሪያችን የነበረችውን ባለ መርፌዋን ስፔክትሮኒክ 20 ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ባውሽ ኤንድ ሎምብ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣት ይህች ማሽን ርካሽና ጠንካራ ስለነበረች የብርሃን ልኬትን ከተመራማሪው ክፍል አውጥታ ተማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሕጉ ግን ይቀድማታል፤ ኦገስት ቤር በ1852 እንዳሳየው፣ ሶሉሽኑ በወፈረ ቁጥር ንባቡም በዚያው መጠን ይጨምራል። እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው እንጂ!

ፍሬሽማን ሳለሁ አራት ነጥቦቼ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ዋሉ፤ አምስተኛው፣ የወፍራሙ፣ ዝቅ አለ። በላጲስ አጠፋሁት። መምህሩ የተፋቀውን ወረቀት አይተው «ለምን ወደቀ?» ብለውኝ ሄዱ። መልሱን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት! ሶሉሽኑን አቅጥኜ ደግሜ ለካሁ፣ ባቀጠንኩት ልክ አባዛሁ፤ መስመሩ ላይ ገባ። ለካ ሶሉሽኑ ሲጠቁር ማሽኗ ውስጥ የሚሾልክ ባዕድ ብርሃን ንባቡን ያሳንሰዋል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጨቅላ ሕፃን እስከ እግሩ ጫፍ ቢጫ ሆኖ መጣ፤ የቢሊሩቢን ውጤቱ ግን ካየሁት ጋር አልሄድ አለኝ። ላብራቶሪ ደወልኩ፤ «እባካችሁ አቅጥናችሁ ድገሙት።» ሁለተኛው ቁጥር እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ሌሊት ደሙን ቀየርንለት።